የተሰጡ ፊደላት ያሉባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እናገኛለን?

ከትምህርት ሰዓት በኋላ በማስተምርበት የእንግሊዝኛ ክበብ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደላት ብቻ ጻፍኩ፤ ጂ፣ ኤች እና ቲ። «ሦስቱም ያሉበትን ቃል የሚያመጣልኝ ማን ነው?» አልኩ። ሃያ የሚሆኑ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ፊደላቱን እያዩ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። «ግ... ህ... ት...» የሚል ሹክሹክታ ይሰማኛል። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አንድም ቃል አልተገኘም። እነዚሁ ልጆች ግን «ናይት»ን፣ «ላይት»ን፣ «ራይት»ን ገና በታችኛው ክፍል ተምረዋቸዋል፤ በደብተራቸው ስንት ጊዜ ጽፈዋቸዋል። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ስታንቀሳቅስ አየሁ። «ዶተር!» አለች። ሴት ልጅ ማለት ነው፤ ሲጻፍ ዲ-ኤ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ-ኢ-አር። ቃሉ ሲነገር ጂም ኤችም አይሰሙበትም። ልጅቷ ያገኘችው ጆሮዋን ትታ እጇን ስለጠየቀች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ለማስተማር የምከተለው መንገድ ተለወጠ። እኛ በፊደል ያደግን ሰዎች ቃል የምንፈልገው በጆሮ ነው። ፊደላችን ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚይዝ የሰማነውን እንጽፋለን፣ የጻፍነውን እናነባለን። በእኛ ዘንድ ጽሑፉ የሚሸሽገው ነገር ቢኖር መጥበቅና መላላትን ነው፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉም ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ዓይን አንድ አድርጎ ያየዋል፣ የሚለየው ጆሮ ነው። እንግሊዝኛ ተቃራኒው ነው። ጆሮ የማያገኛቸውን ፊደላት ዓይን ያገኛቸዋል። «ናይት» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉት ጂ እና ኤች በጥንቱ እንግሊዝኛ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሲሄድ፣ አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ። ድምፁ ጠፋ፣ ፊደላቱ ቀሩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ፍለጋውን ከጆሮ ወደ ዓይን ማዛወር።

ፊደላቱን በስማቸው የምጠራቸው ሆን ብዬ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ እያነበባችሁ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። እጃችሁ ሲጽፍ ዓይናችሁ ይማራል።

አንደኛ፦ ጥያቄው ምን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው የሚደክመው መልሱን ስላላወቀ ሳይሆን ጥያቄውን ስላልለየ ነው። «እነዚህ ፊደላት ያሉበት ቃል» ሲባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ አፈላለግ አለው። እነዚያኑ ሦስት ፊደላት፣ ጂን፣ ኤችን እና ቲን ይዘን እንያቸው።

ፊደላቱ ተያይዘው፣ በዚያው ቅደም ተከተል እንዲገኙ ከተፈለገ መልሱ ጠባብ ነው። ናይት (ሌሊት)፣ ኤይት (ስምንት)፣ ዌይት (ክብደት)፣ ሃይት (ቁመት)፣ ፋይት (ውጊያ)፣ ቶት (ሐሳብ)፤ ሁሉም ጂ-ኤች-ቲ የሚል ጅራት አላቸው። አንዱን ካገኛችሁ የፊቱን ፊደል እየቀያየራችሁ ሌሎቹን ታወጣላችሁ።

ፊደላቱ ይኑሩ እንጂ ቅደም ተከተላቸው አይገደንም፣ ሌላ ፊደልም ቢጨመር ችግር የለም ከተባለ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሌንግዝ (ርዝመት)፣ ስትሬንግዝ (ጥንካሬ)፣ ግሮውዝ (ዕድገት)፣ ጎስት (መንፈስ)፣ ተጌዘር (አብሮ)፣ ታፍ (ጠንካራ)፣ ቲንግ (ነገር) ሁሉም ይገባሉ። በተለይ ይህን ልብ በሉ፤ ግሦች መጨረሻቸው ላይ አይ-ኤን-ጂ ሲጨመርባቸው ጂን በነፃ ይሰጧችኋል። ስለዚህ ቲ እና ኤች ያሉበትን ማንኛውንም ግሥ አስቡና ጅራቱን ቀጥሉበት፤ ቲቺንግ (ማስተማር)፣ ሀንቲንግ (ማደን)፣ ሂቲንግ (መምታት)። ክፍሌ ይህን ሲረዳ አምስት ደቂቃ ጭጭ ያለው ሰሌዳ በሦስት ደቂቃ ሞላ።

በእነዚህ ፊደላት ብቻ፣ ሌላ ሳይጨመር ሲባል ደግሞ የስክራብል ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ስክራብል ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። አራተኛው የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ጥያቄ ነው፤ የቃሉ ርዝመትና የአንዳንድ ፊደላት ቦታ ይታወቃል፣ የቀረው ባዶ ነው። ጆሽ ዋርድል በ2021 ለሕዝብ የለቀቀው ዎርድል የተባለው ጨዋታም ከዚህ ወገን ነው፤ አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ፣ በተጨማሪም «ይህ ፊደል በቃሉ ውስጥ የለም» የሚል መረጃ ይሰጣል። የሌለውን ማወቅ ካለው እኩል ይጠቅማል፤ የወደቁትን ፊደላት በወረቀት ዳር ጽፋችሁ ሰርዟቸው።

ሁለተኛ፦ ካርዶች ሥሩ

ይህ ልጅነት የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን ለአዋቂም ቢሆን የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው እላለሁ። ፊደላት በተጻፉበት መስመር ላይ ተቸክለው ከቀሩ ዓይን የተጻፈውን ቅደም ተከተል ይለምድና ሌላ ማየት ይሳነዋል። የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን ውሰዱ፤ የክብሪት ቀፎ በሚያህል መጠን ቁረጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። ከፊደሉ ሥር አጭር መስመር አስምሩ። መስመሩን አትናቁት፤ ኤን ወደ ጎን ሲተኛ ዜድ ይሆናል፣ ኤም ሲገለበጥ ደብልዩ ይሆናል። መስመር በሌለው ካርድ ተሟግተው የተኳረፉ ልጆች አስታርቄያለሁ።

ስንት ካርድ ከየትኛው ፊደል? እዚህ ላይ ስክራብልን የፈለሰፈው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ ባትስ ልፋቱን አቅልሎልናል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ባጣበት ጊዜ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ፤ በዚያ ስሌት የተሠራው የእንግሊዝኛው ስክራብል 100 ጠጠሮች አሉት። ከእነዚህ ኢ 12፣ ኤ እና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ኦ ስምንት፣ ኤን፣ አር እና ቲ ስድስት ስድስት ናቸው። ጄ፣ ኬ፣ ኪው፣ ኤክስ እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ። የቤታችሁን ካርዶች በዚሁ መጠን ብትሠሩ የቋንቋውን ሚዛን በእጃችሁ ትዳስሱታላችሁ።

ካርዶቹን በመስመር አትደርድሩ። በክብ አስቀምጧቸው። ክብ መጀመሪያና መጨረሻ ስለሌለው ዓይን ከፈለገበት ይጀምራል። ይህን ትንሽ ነገር ሞክሩና ልዩነቱን እዩት።

ሦስተኛ፦ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ አስተውሉ

ሰባት ፊደላት በ5,040 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። ሁሉንም የሚሞክር ሰው ሲመሽበት ይቀራል። ነገር ግን ሦስቱን አይ-ኤን-ጂ አድርጋችሁ በአንድ ላይ አስራችሁ መጨረሻ ላይ ብታስቀምጡ የሚቀሩት አራት ፊደላት የሚደረደሩበት መንገድ 24 ብቻ ነው። የዚህ ሥራ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፊደል በፊደል ሳይሆን ጥንድ በጥንድ ማሰብ።

ኤች ብቻውን መሄድ አይወድም፤ ብዙ ጊዜ ከሲ፣ ከኤስ፣ ከቲ፣ ከፒ፣ ከደብልዩ ወይም ከጂ ጀርባ ይቆማል። ሲ እና ኬ ተያይዘው የሚመጡት በቃል መካከል ወይም መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ኪው ዩን ይጎትታል። የእንግሊዝኛ ቃል በቪ መጨረስን ስለማይወድ ኢን ይደግፍበታል፤ «ሃቭ»ን፣ «ጊቭ»ን፣ «ላቭ»ን ጽፋችሁ ተመልከቱ፤ የመጨረሻዋ ኢ ድምፅ የላትም፣ ግን አለች። አናባቢ የሌለ ሲመስላችሁ ዋይን አስታውሱ፤ «ሪዝም» አር-ኤች-ዋይ-ቲ-ኤች-ኤም ተብሎ ሲጻፍ ከአምስቱ አናባቢዎች አንዱም የለበትም።

ቀጥሎ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ። ከፊት አር-ኢ፣ ዩ-ኤን፣ ዲ-አይ-ኤስ፤ ከኋላ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኢ-ኤስ-ቲ፣ ኤል-ዋይ፣ ቲ-አይ-ኦ-ኤን። በእጃችሁ ካሉት ካርዶች እነዚህን የሚሠሩትን ለይታችሁ ወደ ጎን አውጡ፤ በቀሩት ላይ አተኩሩ።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ካርዶቹ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ናቸው። ሰባቱንም የሚጠቀም ቃል እንፈልግ። መጀመሪያ ኤስን ወደ መጨረሻ ውሰዱት፤ የብዙ ቁጥር ወይም የግሥ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስድስት ቀሩ። ከእነርሱ አር እና ኢን ፊት አድርጉ። የቀሩት ቲ፣ ኤ፣ አይ እና ኤን ናቸው፤ እንዳሉ ብትተዋቸው «ሪቴይን» ይወጣል፣ ይዞ ማቆየት ማለት ነው። ኤስን መልሱለት፤ «ሪቴይንስ»፣ የመጀመሪያው ቃላችን ይህ ነው። አሁን አር-ኢ-ቲን ሳትነኩ የኋለኞቹን ሦስት አዙሩ፤ አይ-ኤን-ኤ። «ሬቲና» ሆነ፣ በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል። ከነኤስ ሲሆን «ሬቲናስ»። አሁን ሁሉንም አፍርሱና ከኋላ አይ-ኢ-አርን እሰሩ። የቀሩት ኤን፣ ኤ፣ ኤስ እና ቲ ናቸው፤ «ናስቲየር» ይወጣል፣ የባሰ አስቀያሚ ማለት ነው። «ናስቲ» በዋይ ይጨርስ ነበር፤ ማነጻጸሪያው ሲመጣ ዋይ ወደ አይ ተለወጠ። ዋይ በእጃችሁ ስለሌለ ብቻ ይህን ቃል ሳታዩት ማለፍ ቀላል ነበር። አንድም ጊዜ በጭፍን አልደረደርንም፤ ሦስት ቃላት አገኘን።

አራተኛ፦ የቁልፍ ደብተር ያዙ

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ነው። አንድን ቃል ወስዳችሁ ፊደላቱን በኤ-ቢ-ሲ ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። «ሊስን» (አዳምጥ) ኤል-አይ-ኤስ-ቲ-ኢ-ኤን ተብሎ ይጻፋል፤ ሲደረደር ኢ-አይ-ኤል-ኤን-ኤስ-ቲ ይሆናል። ይህን ድርድር ቁልፍ በሉት። አሁን «ሳይለንት»ን (ዝምተኛ) ውሰዱና እንዲሁ ደርድሩት። ያው ቁልፍ ወጣ። «ኢንሊስት» (ውትድርና መመዝገብ)፣ «ቲንስል» (የሚያብረቀርቅ ጌጥ) እና «ኢንሌትስ»ም (መግቢያዎች) እዚያው ቁልፍ ላይ ይገጥማሉ። ሲነገሩ ምንም የማይመሳሰሉ አምስት ቃላት አንድ በር ይከፍታሉ።

ደብተሩን እንዲህ አዘጋጁ። ገጹን በሁለት ዓምድ ክፈሉ፤ በግራ ቁልፉን፣ በቀኝ ቃላቱን ከነትርጉማቸው ጻፉ። አዲስ ቃል በተማራችሁ ቁጥር ቁልፉን አውጥታችሁ ቦታው ላይ መዝግቡ። የተዘበራረቁ ፊደላት ሲሰጧችሁ ደግሞ ደርድራችሁ ቁልፉን ደብተሩ ውስጥ መፈለግ ብቻ ነው፤ ማሰብም አያስፈልግም። ተማሪዎቼ በዚህ መንገድ ካገኟቸው ሁሉ የሚወዱት ኤ-ሲ-ኢ-ኢ-ኤች-አር-ቲ የሚለውን ቁልፍ ነው፤ «ቲቸር» እና «ቺተር» ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል፣ መምህርና አጭበርባሪ። «ኸርት» (ልብ) እና «ኧርዝ» (ምድር)፣ «ስቴት» (ሁኔታ) እና «ቴስት» (ጣዕም)ም እንዲሁ ጥንድ ናቸው። ቁልፋቸውን እናንተ አውጡት።

አምስተኛ፦ ኮምፒውተሩን በትክክል ጠይቁት

በእጅ መሥራት ካልተለመደ ኮምፒውተር የሚሰጠው ዝርዝር ዝም ብሎ የሚያልፍ ጎርፍ ነው። ከለመዳችሁ በኋላ ግን ትልቅ ረዳት ነው። ዋንሉክ የተባለው የመዝገበ ቃላት መፈለጊያ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለት ምልክቶችን ማወቅ በቂ መነሻ ነው። የኮከብ ምልክት (*) «ምንም ያህል ፊደል፣ ዜሮም ቢሆን» ማለት ነው። የጥያቄ ምልክት (?) «አንድ ፊደል ብቻ» ማለት ነው።

ስለዚህ ኮከብ፣ ቀጥሎ ጂ-ኤች-ቲ፣ ቀጥሎ ኮከብ ብትጽፉ ሦስቱ ተያይዘው የሚገኙባቸውን ቃላት ያመጣል። ተያይዘው ባይሆንም ግድ የለም ካላችሁ እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ኮከብ መካከል አድርጋችሁ በነጠላ ሰረዝ ለዩአቸው። ባለ ስድስት ፊደል ብቻ ከፈለጋችሁ ስድስት የጥያቄ ምልክት ጽፋችሁ በነጠላ ሰረዝ አያይዙ። ሁለት ሰያፍ መስመር (//) አስቀድማችሁ ፊደላቱን ብትጽፉ የተዘበራረቀውን ይፈታል፣ እኛ በቁልፍ የሠራነውን ማለት ነው። ነጠላ ሰረዙ የአማርኛው እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ ካልመለሳችሁ ማሽኑ አይገባውም። ለተደጋጋሚ ፊደልም አስቡበት፤ ኮከብ-ኤስ-ኤስ-ኮከብ የሚያመጣው ሁለቱ ኤስ የተጣበቁባቸውን ብቻ ነው፣ ተራርቀው ያሉትንም ከፈለጋችሁ በመካከላቸው ሌላ ኮከብ አስገቡ።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ላላችሁ ሌላ መንገድ አለ። ኢኔብል የሚባል ከ172 ሺህ በላይ የእንግሊዝኛ ቃላት የያዘ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ዝርዝር አለ። አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በኤክሴል አንድ ዓምድ ውስጥ ገልብጡት። ከዚያ ፊልተሩን ተጠቅማችሁ መጀመሪያ ጂ ያለባቸውን አውጡ፣ ውጤቱን ወደ አዲስ ገጽ ገልብጡ፣ ከእሱ ኤች ያለባቸውን፣ ከዚያም ቲ ያለባቸውን። እንደ ወንፊት ሦስት ጊዜ ማንጓለል ነው። ለልጆች ይህን አካሄድ የምመርጠው ዝርዝሩ በየደረጃው ሲሳሳ በዓይናቸው ስለሚያዩት ነው።

ስድስተኛ፦ አስቸጋሪዎቹ ፊደላት፣ ከእነርሱም መካከል የእኛዎቹ ቃላት

ኪው ያለ ዩ እጃችሁ ላይ ሲቀር ተስፋ አትቁረጡ። ከሌሎች ቋንቋዎች ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ቃላት ያድናሉ፤ «ኒቃብ»፣ «ፋቂር»፣ ከቻይንኛ የመጣው ባለ ሁለት ፊደሉ ኪው-አይ፣ እንዲሁም ኪው-ኤ-ቲ። ይህ የመጨረሻው ጫት ነው። ያው ቅጠል በኬ-ኤ-ቲ እና በኬ-ኤች-ኤ-ቲም ይጻፋል፤ አንድ ነገር፣ ሦስት አጻጻፍ፣ ሦስቱም በስክራብል የተፈቀዱ።

የእኛ አገር ቃላት በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳሉ ተማሪዎች ሲያውቁ ፊታቸው ይበራል፤ እኔም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ጤፍ በአንድም በሁለት ኤፍም ይጻፋል፤ ቲ-ኢ-ኤፍ፣ ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ። ንጉሥ ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ጂ-ኢ-ኤል-ኤ-ዲ-ኤ። እንጀራ አይ-ኤን-ጄ-ኢ-አር-ኤ ሲሆን በቃል መካከል ጄ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ስንቅ ነው። ብር ቢ-አይ-አር-አር ነው፤ እዚህ ላይ መጥበቁ በሁለት አር ተጽፎ ይታያል፣ የእኛ ፊደል የሚሸሽገውን የላቲኑ ገልጦታል። በሰሜን አሜሪካው የስክራብል መዝገበ ቃላት የብዙ ቁጥሩ «ብሮች»ም ተመዝግቧል፤ ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች፣ ስምንት ፊደል። የአማርኛ የብዙ ቁጥር ምልክት «ኦች» ሳይነካ እንግሊዝኛ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ያገኛችሁትን አጣሩ

ለስክራብል የሚያገለግለው የኮሊንስ ዝርዝር ከ270 ሺህ በላይ ቃላት አሉት። ከእነዚህ አብዛኛዎቹን አንድ እንግሊዛዊ በዕድሜው አይናገራቸውም። ለጨዋታ ከሆነ ይበቃል፤ ቋንቋ ለመማር ከሆነ ግን ከውጤቱ መካከል ትርጉሙን የምታውቁትን ወይም በዓረፍተ ነገር ልትጠቀሙበት የምትችሉትን ብቻ ወደ ደብተራችሁ አስገቡ። አንድ ምሽት አምስት ቃል ይበቃል። የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍም ይለያያል፤ «ከለር» (ቀለም) በእንግሊዙ ዩ አለው፣ በአሜሪካው የለውም። ዩን የሚጠይቅ እንቆቅልሽ ሲገጥማችሁ የትኛውን መዝገብ እንደምትከተሉ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ለልምምድ ሦስት ጥያቄ ልተው። አምስቱንም አናባቢዎች የያዘ፣ በየቀኑ የምትሰሙት ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል አለ፤ የተማሪ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ኤጁኬሽን» ነው፤ ጻፉትና አናባቢዎቹን አክብቧቸው፣ ዩ እና ኦ የተደበቁበትን ታያላችሁ። ሁለተኛው፣ ደብልዩ፣ ኤች እና ቲ ያሉባቸውን አምስት ቃላት በካርድ ፈልጉ። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ኬ፣ ሁለተኛው ኤን የሆነ ባለ አምስት ፊደል ቃል አምጡ። ጆሯችሁ ኬን አይሰማትም። መልሱ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ፣ ሽንኩርት በከተፋችሁበት ሰሌዳ ላይ ተጋድሟል።